ሄኢንሳ ገዳም፦ ሰማንያ ሺህ ሰሌዳ ወዳለበት ተራራ እንዴት ይኬዳል?

ደቡብ ኮሪያ ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ለጉብኝት የሄደ ሰው ሁለት ትርፍ ቀን ካገኘ ሄኢንሳ መውጣት አለበት እንላለን። ሄኢንሳ ጋያ በሚባለው ተራራ ላይ ያለ የቡድሃ ገዳም ነው። የተመሠረተው በ802 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ወራቱና ሰዓቶቹ ግን በእኛው አቆጣጠር ናቸው። የኮሪያ አውቶቡስ መናኸሪያ ላይ 16:00 ተብሎ የተጻፈው የእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ ይህን አምታቶ አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ጥቂት አይደለም።

ደርሶ መልስ ይቻላል። ጠዋት ከዴጉ ከተማ ተነስቶ ማታ መመለስ አያስቸግርም። ነገር ግን ገዳሙ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት በጎብኚ ይሞላል፣ የመነኮሳቱ ሕይወት የሚታየው ደግሞ ከዚያ በኋላና ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ ምክራችን አንድ ነው፦ ከሰዓት በኋላ ይድረሱ፣ እዚያው ይደሩ፣ በማግስቱ ይውረዱ።

መንገዱ

ከኢንቾን አውሮፕላን ማረፊያ በባቡር ወደ ሶል ጣቢያ ይግቡ፤ ፈጣኑ ባቡር 45 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከሶል ጣቢያ ኬቲኤክስ በሚባለው ፈጣን ባቡር ወደ ዴጉ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ትኬት ሲቆርጡ መድረሻዎ "ዶንግዴጉ" መሆኑን ያረጋግጡ። "ዴጉ" የሚባል ሌላ ጣቢያም ስላለ ስሙን በግማሽ የሰማ ሰው ይሳሳታል።

ሁለተኛው ስህተት የሚመጣው እዚሁ ነው። ዶንግዴጉ ጣቢያ አጠገብ ትልቅ ዘመናዊ የአውቶቡስ መናኸሪያ አለ፤ የሄኢንሳ አውቶቡስ ግን ከዚያ አይነሳም። የሚነሳው በከተማዋ ሌላኛ ጫፍ ካለው፣ "ሶቡ" ማለትም የምዕራብ መናኸሪያ ከሚባለው ነው። ከዶንግዴጉ በከተማ ባቡር መስመር 1 ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ለከተማ ባቡሩ ቲመኒ የሚባለውን የትራንስፖርት ካርድ ከማንኛውም ሰፈር ሱቅ ገዝተው ገንዘብ ይሙሉበት።

ከሶቡ እስከ ገዳሙ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ከመሳፈርዎ በፊት ለሾፌሩ "ሄኢንሳ ካዮ?" ይበሉት፤ ወደ ሄኢንሳ ይሄዳል ወይ ማለት ነው። አውቶቡሱ ተራራው ላይ ከአንድ በላይ ቦታ ይቆማል፣ የመጨረሻው ማረፊያ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ያሉበት መንደር ነው። ገዳሙን ብለው ከሄዱ ከዚያ በፊት አብዛኛው ጎብኚ በሚወርድበት ይውረዱ። ከዚያ እስከ መጀመሪያው በር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚራመድ 20 ደቂቃ። ጎማ ያለው ትልቅ ሻንጣ እዚህ ያሰቃያል። በዶንግዴጉ ጣቢያ የሚከራይ የሻንጣ ሣጥን ስላለ ትልቁን እዚያ ትተው በጀርባ ቦርሳ ብቻ ይውጡ።

የመመለሻ አውቶቡሶችን ሰዓት መናኸሪያው ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። የመጨረሻው አውቶቡስ ካመለጠ ተራራው ላይ ታክሲ ማግኘት ከባድ ነው፣ ከተገኘም ውድ ነው። ለመንገድ መሪነት ናቨር ማፕ ወይም ካካኦ ማፕ ይጫኑ፤ ሌላ አገር የለመድነው ጉግል ማፕ ኮሪያ ውስጥ የእግር መንገድ በደንብ አያሳይም።

መቼ

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ያለው ጊዜ ከሁሉም ያምራል። ከገዳሙ በታች ያለው ሸለቆ ሆንግንዩዶንግ ይባላል፤ ቀይ ሆኖ የሚፈስ ማለት ነው፤ የሜፕል ቅጠል ሲቀላ ወንዙም አብሮ ስለሚቀላ። የዚያኑ ያህል ሰው ይበዛል፣ ስለዚህ ቅዳሜና እሁድን ይተዉት።

የእነሱ ዝናብ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፤ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ድረስ ይዘንባል፣ ሙቀቱም ያጣብቃል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ውርጭ ነው። በረዶው የድንጋይ ደረጃዎቹ ላይ ይጋገራል፣ ጫማ ላይ የሚታሰር የብረት ጥርስ ሳይይዙ ወደ ተራራው ጫፍ መሞከር አደጋ አለው። የቡድሃ ልደት ብዙውን ጊዜ በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በግንቦት ይውላል፤ ግቢው በወረቀት ፋኖስ ያሸበርቃል፣ ማደሪያ ግን ከወራት በፊት ያልቃል።

ምን ይያዝ

ጉልበት የሚሸፍን ሰፋ ያለ ሱሪ ወይም ቀሚስ፣ ትከሻ የሚሸፍን ልብስ፣ በሙቀቱ ወራትም ቢሆን አንድ ሹራብ። ዴጉ በኮሪያ ሙቀቷ የታወቀ ከተማ ስለሆነች ከዚያ የሚነሳ ሰው ቀለል አድርጎ ለብሶ ይወጣና ማታ ይንቀጠቀጣል። ቢያንስ ሁለት ጥንድ ንጹሕ ካልሲ ያስፈልጋል፤ ጫማ በቀን አሥር ጊዜ ስለሚወልቅ ክሩ የማይታሰር ጫማ ይመረጣል። የሚያድር ሰው ፎጣ፣ የጥርስ ብሩሽና ሳሙና ይጨምር። ጥቂት ጥሬ ገንዘብም ይያዙ።

ከበሩ እስከ ሰሌዳዎቹ

የመጀመሪያው በር ኢልጁሙን ነው። ምሰሶዎቹ በአንድ መስመር ስለቆሙ ከጎን ሲታይ በአንድ ምሰሶ ብቻ የቆመ ይመስላል፤ ስሙም "የአንድ ምሰሶ በር" ማለት ነው። እዚህ ሁለት መዳፍ ደረት ላይ አጋጥሞ ከወገብ ጎንበስ ማለት የተለመደ ሰላምታ ነው፤ ሃፕጃንግ ይሉታል። ከበሩ ወዲያ መንገዱ በረጃጅም ዛፎች መካከል ይቀጥላል፣ ከመንገዱ ዳር የደረቀ ግዙፍ የዛፍ ግንድ ያያሉ። ገዳሙ ሲመሠረት የተተከለ እንደነበር ይነገራል።

ሁለተኛው በር የአራቱ ሰማያዊ ነገሥታት ነው፣ ሦስተኛው ሄታልሙን፣ "የነጻነት በር"። ከዚያ በኋላ ባለው ሰፊ ግቢ መሬት ላይ የተሠመረ የሚጠማዘዝ መንገድ አለ። ይህ ሄኢንዶ ነው። 210 ፊደላት ያሉት ጥንታዊ ግጥም 54 ጊዜ ታጥፎ የተጻፈበት ሥዕል ነው፣ ምእመናን እጥፋቱን ተከትለው በእግር ይዞሩታል። ልጆች ይዘው ከሆነ እዚህ ጥቂት ይቆዩ፤ አቋርጦ ማለፍ ግን የሚዞሩትን ይረብሻል።

ዋናው አዳራሽ ዴጆክግዋንግጆን ነው። አሁን የቆመው በ1817 ከደረሰው ቃጠሎ በኋላ በ1818 የተሠራው ነው። ሄኢንሳ በታሪኩ ደጋግሞ ተቃጥሏል። ያልተቃጠለው ከዚህ አዳራሽ ጀርባ፣ ቀጥ ያለውን ደረጃ ሲወጡ የሚያገኙት ነው፣ ሰው ከሩቅ የሚመጣውም ለእሱ ነው።

ጃንግዮንግ ፓንጆን፣ የሰሌዳዎቹ ቤት

በ13ኛው መቶ ዘመን ሞንጎሎች ኮሪያን ሲወርሩ፣ የጎርዮ መንግሥት የቡድሃን መጻሕፍት በሙሉ በእንጨት ሰሌዳ ላይ አስቀረጸ። ሥራው ከ1237 እስከ 1248 ፈጀ። ሰሌዳዎቹ 81,258 ናቸው፣ ኮሪያውያን "ፓልማን ዴጃንግዮንግ"፣ የሰማንያ ሺህ መጽሐፍ ይሏቸዋል። በ1398 ወደዚህ ተራራ መጡ። ያሉባቸው ሕንፃዎች በ15ኛው መቶ ዘመን የተሠሩ አራት ናቸው፤ ሁለቱ ረጃጅም፣ ሁለቱ ትናንሽ፣ አንድ ላይ አራት ማዕዘን ግቢ ይሠራሉ። ዩኔስኮ ሕንፃዎቹን በ1995 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል፣ ሰሌዳዎቹ ደግሞ በ2007 በዓለም የመዛግብት ቅርስነት ተመዝግበዋል።

አብዛኛው ጎብኚ እዚህ አሥር ደቂቃ ቆሞ በእንጨት ርብራብ ውስጥ አሾልቆ ያይና "የቆየ መጋዘን ነው" ብሎ ይመለሳል። ምን እንደሚታይ ስላልተነገረው ነው።

መጀመሪያ መስኮቶቹን ያስተያዩ። ከፊት ለፊት ባለው ረጅም ሕንፃ፣ ሱዳራጃንግ በሚባለው፣ በደቡቡ ግድግዳ የታችኛው ረድፍ መስኮት ትልቅ፣ የላይኛው ትንሽ ነው። ዞረው ከኋላ በሰሜኑ ግድግዳ ሲያዩት ተገላቢጦሽ ነው፤ ላይኛው ሰፊ፣ ታችኛው ጠባብ። ነፋሱ ከፊት በታች በሰፊው ይገባል፣ በመደርደሪያዎቹ መካከል ይዞራል፣ ከኋላ በላይ ይወጣል። መስታወት የለም፣ መዝጊያ የለም፤ ርብራብ ብቻ። ወለሉ ደግሞ ከሸክላ አፈር፣ ከከሰል፣ ከጨውና ከኖራ የተደለደለ ነው። እርጥበት ሲበዛ ይመጠዋል፣ አየሩ ሲደርቅ ይመልሰዋል።

ከዚያ ወደ ርብራቡ ጠጋ ብለው የሰሌዳዎቹን ጫፍ ይመልከቱ። እያንዳንዱ ሰሌዳ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት፣ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት አለው፣ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይመዝናል። በግራና በቀኝ ጫፉ ከሰሌዳው የወፈረ እንጨት ተገጥሞለታል። እንደ መጽሐፍ ጎን ለጎን ሲደረደሩ የሚነካኩት ወፍራሞቹ ጫፎች ብቻ ናቸው፤ በተቀረጹት ገጾች መካከል ክፍተት ስለሚቀር ነፋሱ በእያንዳንዱ መካከል ያልፋል። ፊደሉ ሳይፋፋቅ ይህን ያህል ዘመን የቆየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ወፍራም ጫፍ ነው። በአንድ ገጽ 23 መስመር፣ በመስመሩ 14 የቻይና ፊደል፣ በሁለቱም ገጽ፣ ያውም በተገላቢጦሽ የተቀረጸ። ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ሲጫንበት ነው ቀጥ ብሎ የሚነበበው።

በ1970ዎቹ መንግሥት ለሰሌዳዎቹ ዘመናዊ የኮንክሪት ማከማቻ አሠርቶ ነበር። ለሙከራ የገቡት ሰሌዳዎች መጣመምና መሻገት ስለጀመሩ ሐሳቡ ተተወ፣ ሰሌዳዎቹም በአሮጌው ቤት ቀሩ።

ወደ ሱዳራጃንግ የሚያስገባው በር ክብ ቅርጽ አለው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው ቀናት አካባቢ፣ ማለትም በመጋቢት 12 እና በመስከረም 12 ግድም፣ ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ የጣሪያው ክዳን ጥላ በዚያ ክብ ውስጥ ወድቆ የሎተስ አበባ ይመስላል። ጉዞዎ በእነዚያ ቀናት ከዋለ ቀደም ብለው ቦታ ይያዙ፤ ደመና ከሆነ ግን አይታይም።

ወደ ውስጥ መግባት የሚቻለው አስቀድሞ በገዳሙ ድረ ገጽ ለተመዘገበ ጥቂት ሰው ነው፣ በተወሰኑ ቀናት፣ ከአስጎብኚ ጋር። ለሌላው ሁሉ ግቢው እስከ 11 ሰዓት አካባቢ ክፍት ነው፤ ከ9 ሰዓት በፊት ቢደርሱ አይቻኮሉም። ፎቶ ውስጡን ማንሳት ክልክል ነው። ክብሪትና ሲጋራ በአጠቃላይ በተራራው ላይ አይነካም፤ ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ ያስቀጣል።

አንድ ነገር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ። በ1951 በኮሪያ ጦርነት ወቅት፣ ተራራው ውስጥ የተሸሸጉ ተዋጊዎችን እንዲደበድብ የታዘዘ ኪም ዮንግ ህዋን የተባለ የኮሪያ አየር ኃይል አብራሪ፣ ከሥር ያለው ሄኢንሳ መሆኑን ስላወቀ ቦምቡን አልጣለም። ለእሱ መታሰቢያ ድንጋይ ቆሞለታል። የእኛ የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። የሻለቃው መታሰቢያ ያለው ከዚህ ራቅ ብሎ በቹንቾን ከተማ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት አይቻልም፤ ከሶል ለብቻው ቀን ይመድቡለት።

በአዳራሾቹ ውስጥ ሥርዓቱ

ጫማ ማውለቁ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። የሚለየው አቀማመጡ ነው፦ ጫማው አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሮ፣ ሁለቱ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ፊት ለፊት ባለው መካከለኛ በር አይግቡ፣ እሱ የመነኮሳት ነው፤ ምእመናንና እንግዶች በጎን በር ይገባሉ። ደፉን አይርገጡ፣ ተሻግረው ይለፉ። በቡድሃው ምስል ፊት መሃል ላይ አይቁሙ፣ ሰው ሲሰግድ በፊቱ አይለፉ፣ ፎቶ አያንሱ። መነኩሴ ሲያገኙ ሃፕጃንግ አድርገው "ስኒም" ብለው ይጥሩ፣ ወንድም ሆነ ሴት መነኩሲት።

የሌላ እምነት ሰው እንዲሰግድ የሚያስገድደው የለም። ከግድግዳው ጥግ ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር አይደለም፣ ማንም አይታዘብም።

መግቢያው ከ2023 ሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ ነጻ ነው፤ ለመኪና ማቆሚያ ግን ያስከፍላል።

ማደር

ቴምፕልስቴይ የሚባለው የገዳም አዳር በኮሪያ የተጀመረው በ2002፣ የዓለም ዋንጫ ጊዜ ነው። ምዝገባው በራሱ ይፋዊ ድረ ገጽ ነው፣ በእንግሊዝኛም ይሠራል። ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ ዝም ብሎ ማረፍ፣ ሌላው ከመርሐ ግብሩ ጋር መኖር። ሁለተኛውን ይምረጡ። ክፍል ለወንድና ለሴት የተለየ ነው፣ አልጋ የለም፤ ከሥር በሚሞቅ ወለል ላይ ፍራሽ ይዘረጋል። ወገብ የሚያመው ሰው ሁለት ፍራሽ ይጠይቅ።

ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ይገባል፣ ሰፊ ሱሪና ሰደርያ ይሰጣል። እራት 12 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ከእራት በኋላ ክፍልዎ አይግቡ፣ ወደ ከበሮው ሰገነት ይሂዱ። መነኮሳቱ እየተፈራረቁ ትልቁን የቆዳ ከበሮ ይመታሉ፣ ከዚያ የእንጨት ዓሣ፣ የደመና ቅርጽ ያለው ብረት፣ በመጨረሻ ደወሉ። ከበሮው ለምድር እንስሳት፣ ዓሣው ለውኃ ፍጥረታት፣ ብረቱ ለወፎች፣ ደወሉ በሲኦል ላሉት ነው ይላሉ። ቀን የመጣው ጎብኚ ይህን ሁሉ ሳይሰማ ወርዷል። ከምሽቱ 3 ሰዓት መብራት ይጠፋል፣ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ደግሞ ለጸሎት ይነሳሉ። ስልክዎን አስደውለው አይተኙ፣ ሌላውን ይረብሻል፤ መነኩሴው በእንጨት ቃጭል እየመታ ግቢውን ሲዞር ይሰማሉ።

መርሐ ግብሩ ውስጥ 108 ስግደት ካለና ለመሞከር ከፈለጉ አሠራሩ ይህ ነው። ቆመው መዳፍ ያጋጥሙ፣ ሁለት ጉልበት ያንበርክኩ፣ ቀኝ እጅ ቀድሞ ግራው ተከትሎ መሬት ይንካ፣ ግራ እግር በቀኙ ላይ ይደረብ፣ ግንባርና ክንድ ምንጣፉን ይንኩ። ከዚያ መዳፍዎን ወደ ላይ አዙረው እስከ ጆሮ ያንሱ፣ ይመልሱ፣ ይነሱ። በሰሙነ ሕማማት የሰገደ ሰው አካሉ ያውቀዋል። ችግሩ የሚመጣው ከፍጥነት ነው፤ የመጀመሪያዎቹን 30 የሮጠ ሰው 60 ላይ ጭንቅላቱ ይዞራል። ሲነሱ ትንፋሽ ያስገቡ፣ ሲወርዱ ያስወጡ፣ ሁሉንም በ20 እና በ25 ደቂቃ መካከል ይጨርሱ። ጉልበት የሚያመው ሰው ቆሞ ጎንበስ ቢል በቂ ነው።

ምግቡ

የገዳሙ ምግብ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለበትም። ነጭ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርትና ሌሎች ሽታቸው የሚበረታ የሽንኩርት ዘመዶችም አይገቡበትም፣ ስሜት ይቀሰቅሳሉ ተብሎ። ኪምቺ የሚባለው በቅመም የኮመጠጠ ጎመን ራሱ ያለ ዓሣ ውኃ ነው የሚሠራው። ጿሚ ሰው እዚህ በሰላም ይበላል። ከገዳሙ በታች ባለው መንደር ግን ይጠንቀቁ፤ "የተራራ ቅጠላ ቅጠል" የተባለው ቢቢምባፕ (ከአትክልት ጋር የሚቀላቀል ሩዝ) ላይ የተጠበሰ እንቁላል ይደፋበታል፣ ሾርባው ብዙ ጊዜ በትንንሽ ደረቅ ዓሣ የተቀቀለ ነው፣ ኪምቺውም የዓሣ ውኃ አለበት። እንቁላሉን ለማስቀረት "ጌራን ፔ ጁሴዮ" ይበሉ፣ ሾርባውንና ኪምቺውን ወደ ጎን ያድርጉ።

አንዳንድ ቀን ቁርሱ በባልዉ ጎንግያንግ ሥርዓት ይሆናል። አንዱ በሌላው ውስጥ የተሰካኩ አራት ሳህኖች ይሰጥዎታል፦ ለሩዝ፣ ለሾርባ፣ ለወጥ፣ ለውኃ። የሚጨርሱትን ብቻ ይቅዱ፣ ምክንያቱም አንድ ፍሬ ሩዝ እንኳ አይጣልም። ምግቡ ሳያልቅ አንድ ቁራጭ ኪምቺ አጥበው ለይተው ያስቀምጡ፤ ይህን የረሳ ሰው መጨረሻው ላይ ይቸገራል። ሲጨርሱ ሙቅ ውኃ ይፈሰስልዎታል፣ በቾፕስቲክ ያችን ኪምቺ ይዘው ሳህኖቹን አንድ በአንድ ያሻሹ፣ ከዚያ ውኃውን ይጠጡታል፣ ኪምቺውንም ይበሉታል። የመጨረሻው ንጹሕ ውኃ በጋራ ባልዲ ይሰበሰባል። ባልዲው ውስጥ ፍርፋሪ ከታየ ቡድኑ ሁሉ ይፈርበታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አይወራም፣ ሳህን አይጋጭም።

ወደ ጫፉና ወደ ታች

ጉልበት ያለው ሰው ከገዳሙ ወደ ሳንግዋንግቦንግ ጫፍ፣ 1,430 ሜትር፣ መውጣት ይችላል። አንድ ጉዞ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መጨረሻው ድንጋያማና ቀጥ ያለ ስለሆነ ለመውጣት ሁለት ሰዓት ተኩል ይያዙ። ከቁርስ በኋላ ወዲያው ይነሱ። በጸደይና በመኸር መጨረሻ ለእሳት ጥንቃቄ የሚዘጉ መንገዶች አሉ፤ በዋዜማው የፓርኩን ማስታወቂያ ይዩ።

ጫፍ ካልፈለጉ ሶሪጊል የሚባለውን የሸለቆ መንገድ ወደ ታች ይውረዱ። 6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከላይ ወደ ታች ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ወንዙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጠገብዎ እየጮኸ አብሮዎት ይወርዳል። ብዙው ሰው ከታች ጀምሮ ስለሚወጣና ስለሚደክመው፣ ለአደረ ሰው ይህ አቅጣጫ ይቀላል። ከመነሳትዎ በፊት የዴጉ አውቶቡስ ከመንገዱ ግርጌ የትኛው ማቆሚያ ላይ እንደሚያነሳ የገዳሙን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፣ የማቆሚያውንም ስም በኮሪያኛ ፊደል በወረቀት ያስጽፉ። እዚያ የሚቆመው አውቶቡስ ሰው እጁን ሲያነሳ ካላየ ያልፋል።